ብርዱ፣ ሲኖትራኩና ሌባው፦ ስለ ደብረ ብርሃን ብስክሌት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ደብረ ብርሃን ብስክሌት አያሻትም» በሚል ርዕስ የቀረበውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው የከተማችን መሃል ለብስክሌት ደኅና የሆነ መስመር ይኑረው፣ ሕዝብ በጋራ የሚገለገልባቸው የኪራይ ብስክሌቶችም ይቅረቡ የሚለውን ሐሳብ «ከፈረንጅ አገር የተቀዳ ቅንጦት» ብለውታል። ምክንያታቸው ብዙ ነው፤ ከፍታውና ብርዱ አይመችም፣ ዋናው መንገድ የከባድ መኪና ነው፣ ብስክሌቱ በሳምንት ተሰርቆ ያልቃል፣ የባጃጅ ሾፌር እንጀራ ይዘጋል፣ ሴቶች አይነዱትም፣ ገንዘቡም ለሌላ ይዋል ይላሉ። በመጨረሻም «ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» ብለው ጠይቀዋል።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ብስክሌት ወዳዶች ነን የምንል ሁሉ ቁጭ ብለን ልንሰማው የሚገባ ነው። አንዳንዱ ግን ለአፍታ እንኳ አይቆምም። በጸሐፊው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«በዚህ ከፍታና በዚህ ብርድ ማን ይነዳል?»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረ ልማድ አለ፤ ዛሬ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ይለቀቃል። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ደግሞ ከፍታዋ ከእኛው ጋር የሚስተካከል ነው ማለት ይቻላል። አቀበቷና ቁልቁለቷ የደብረ ብርሃንን ሜዳ የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ ማዘጋጃ ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2012 የጋራ ብስክሌት አገልግሎት ጀምሯል። ከፍታ ለብስክሌት የሚሰጠውም ነገር አለ። አየሩ ስለሚሳሳ ነጂውን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ለመስበር 2,200 ሜትር ከፍ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው በዚህ ምክንያት ነበር። ትንፋሽ ያጥራል ለሚሉም፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ደሙ ከፍታውን ለምዶታል። የሚያለከልከው ከአዳማ የመጣው እንግዳ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሰንብቶ ይለምዳል።

ብርዱን ማንም አይክድም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ የሚመታን ሰዎች ነን። ነገር ግን በዚያ ማለዳ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ቤቱ አይቀርም፤ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን ደርቦ በእግሩ ይሄዳል። ፔዳል የሚመታ ሰው ከጣቱና ከጆሮው በስተቀር ከእግረኛው የበለጠ ይሞቀዋል፣ ብርዱ ውስጥ የሚቆይበትም ጊዜ ያጥራል። በሰሜን ፊንላንድ ኡሉ የምትባል ከተማ በረዶ ላይ ጭምር ዓመቱን ሙሉ ይነዳባታል፤ ምሥጢሩ የብስክሌት መንገዱ በረዶ በጊዜ መጠረጉ ነው። ጸሐፊው ሳያነሱት ያለፉት እውነተኛ ጠላት ንፋሱ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን ጠርጎ፣ አቧራውን ይዞ ፊት ለፊት የሚመጣውን ንፋስ በብስክሌት ላይ ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። መስመሩ በዛፍና በሕንፃ በተከለሉ የውስጥ መንገዶች ይለፍ የምለው አንድም ለዚህ ነው።

«ዋናው መንገድ የሲኖትራክ መንገድ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ አንለያይም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ጭነት፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ፣ በገበያ ቀን ደግሞ እህል የጫነ አህያ ሁሉም በአንድ አስፋልት ይጋፋል። በዚህ መሃል አንድ ሰው በብስክሌት ግባ ማለት ሂድና ሙት ከማለት የሚለይ አይደለም። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ብስክሌት ይቅር» ይላሉ። እኔ ስለዚህ ብስክሌተኛው ከሲኖትራክ ጋር በአንድ አስፋልት አይጋፋ እላለሁ። የሁለታችን ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ጥያቄው መንገዱ ነው። ብስክሌቱ ቢዘገይ ግድ የለኝም።

መስመር ሲነደፍ መጀመር ያለበት ሰው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከመቁጠር ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት፣ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ፋብሪካዎቹ፣ እንደ ጠባሴ ያሉ ሰፈሮች አሉ። በእነዚህ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛው ለእግር ረዘም፣ ለባጃጅ አጠር የሚል ነው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ርቀት የለም። ከአውራ ጎዳናው ጎን ለጎን የሚሄዱትን የውስጥ መንገዶች አገናኝቶ አንድ ወጥ መስመር ማድረግ፣ አውራ ጎዳናውን ደግሞ በጥቂትና በደንብ በተሠሩ ቦታዎች ብቻ ማሻገር ይቻላል።

በውስጥ መንገዶቹ ብስክሌትና መኪና አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ መኪናው በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ከተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የዓለም የትራንስፖርት ሚኒስትሮችና ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ ሁሉ ይኸው ወሰን እንዲከበር ጠይቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ60 የመጣ ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ በ30 ከመጣው በአራት እጥፍ የከበደ ምት ይመታል። ፍጥነቱ ግን በምልክት ሰሌዳ አይወርድም። የትራፊክ ፖሊስ በሌለበት ሰሌዳ ማንም አያነብም። የሚያወርደው ጉብታ፣ የጠበበ መታጠፊያና ከፍ ተደርጎ የተሠራ የእግረኛ ማቋረጫ ነው።

ፍጥነት ሊወርድ በማይችልበት፣ ማለትም በአውራ ጎዳናው ጠርዝ መሄድ ግድ በሚሆንበት ክፍል ብስክሌተኛው በጠርዝ ድንጋይ መለየት አለበት። መሬት ላይ በቢጫ የተቀባ መስመር የባጃጅ ማቆሚያ፣ የሸንኮራ መደርደሪያ፣ የአሸዋ መድፊያ ለመሆን አንድ ቀን አይፈጅበትም። ስፋቱም ቀልድ አይደለም። ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር ያህል ካልተሰጠ አንዱ ነጂ ሌላውን ማለፍ ስለማይችል ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ መለየቱ ዋጋ ያጣል። በአንድ በኩል ብቻ ሁለቱንም አቅጣጫ ማስኬድ ለመሐንዲሱ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ከጎን መንገድ የሚወጣ ሾፌር መኪና ወደሚመጣበት ብቻ ነው የሚያየው። ከማይጠብቀው አቅጣጫ የመጣ ብስክሌት እፊቱ ድቅን ሲል ፍሬን መያዝ አይደርስለትም።

ሰው የሚሞተው ደግሞ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዶች በሚገናኙበት ቦታም ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከባድ መኪና ሾፌር በግራ በኩል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከጋቢናው በቀኝ በኩል ሥር ያለውን ሰው አያየውም። መድኃኒቱ የብስክሌት መቆሚያውን ከመኪናው መቆሚያ ወደፊት አስወጥቶ ነጂው በሾፌሩ ዓይን ፊት እንዲቆም ማድረግና መታጠፊያውን ማጥበብ ነው፤ ሲኖትራኩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ እንዳይታጠፍ።

ስለ መሬቱም ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን እዚህ የሚኖር ካልጻፈው የውጭ አማካሪ አይጽፈውም። የውስጥ መንገዶቻችን አብዛኞቹ ኮብልስቶን ናቸው። ለእግርና ለጋሪ ጥሩ ናቸው። ለብስክሌት ግን እጅ ያደነዝዛሉ፣ ክረምት ላይ ሲረጥቡም ያንሸራትታሉ። ኮብልስቶኑን መንቀል አያስፈልግም፤ በአንድ ጠርዙ ሜትር ተኩል የሚሆን ለስላሳ ንጣፍ መዘርጋት ይበቃል። ይህ ንጣፍ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰውና ጋሪ ላይ ሕፃን ለምትገፋ እናትም ያገለግላል። የውኃ መውረጃው ቦይ ሌላው ጉዳይ ነው። ክዳኑ የተነሣ ቦይ ማታ ላይ ወጥመድ ነው። የብረት ፍርግርጉ ክፍተት ወደ መንገዱ አቅጣጫ ከተዘረጋ ደግሞ ጎማ ውጦ ሰውን በራሱ ይተክላል። ፍርግርጉን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ መግጠም የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አስቦ መግጠምን ነው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን መስመሩ መቆራረጥ የለበትም። ሦስት መቶ ሜትር አምሮ ተሠርቶ አደባባይ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ የብስክሌት መንገድ በአገራችን አይተናል። የስፔኗ ሴቪያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ዓመታት 80 ኪሎ ሜትር ያህል የተለየና እርስ በርስ የተያያዘ መስመር በአንድ ዘመቻ ዘረጋች፤ በዚያው ሰሞንም የጋራ ብስክሌት አቀረበች። ከዚያ በፊት ብስክሌት የሚነዳ ሰው በጣት የሚቆጠርባት ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የነጂዎቿ ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። ደብረ ብርሃን 80 ኪሎ ሜትር አያስፈልጋትም፤ ከሰፈር ተነሥቶ ሳይቋረጥ ገበያና ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ አንድ ቀለበት ይበቃታል።

«በሳምንት ተሰርቆ ያልቃል»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ታሪክ ከጎናቸው መሆኑን ሳያውቁ ቀርተዋል፤ ላግዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአምስተርዳም ወጣቶች ብስክሌት ነጭ ቀለም ቀብተው ያለ ቁልፍ መንገድ ላይ ተዉት፤ ሙከራው ብዙም አልቆየም። ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ1995 ሳንቲም ተከትቶ የሚፈታ ብስክሌት አቀረበች፤ ሳንቲሙ ትንሽ፣ ተጠቃሚውም የማይታወቅ ስለነበር ብዙው ጠፋ። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2007 በካርድ የሚሠራውን አገልግሎት ስትጀምር እንኳ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ብስክሌቶች ተሰርቀዋል። በቻይና ኦፎ የተባለው ኩባንያ ያለ ጣቢያ በየመንገዱ የሚተው ብስክሌት በሚሊዮን አሰማርቶ እዳ ውስጥ ገባ፤ ብስክሌቱም ተራራ ሆኖ ተከመረ።

ሆኖም የፓሪሱ ዛሬም ይሠራል። በአፍሪካም ማራካሽ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ፣ ካይሮ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መሃል ከተማቸው ላይ ሞክረውታል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። ወሳጁ ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታ ብስክሌቱ ይጠፋል፤ በሚታወቅበት ቦታ ጉዳቱ በአቅም ልክ ይሆናል።

ወሳጁን በማወቅ ረገድ ደግሞ እኛ ጀማሪዎች አይደለንም። በአገራችን ከተሞች ያደገ ሰው ሁሉ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራየውን ሰውዬ ያስታውሳል። ልጁ ሳንቲሙን ይከፍላል፣ መያዣ ያስቀምጣል፣ ሜዳውን ዞሮ ይመልሳል። ሰውዬው የልጁን አባት ቤት ያውቃል። ብስክሌቱ የተሰበረ እንደሆነ ማታ በሩ ላይ ይቆማል! ውድ የኤሌክትሮኒክስ መቆለፊያ ከውጭ ከማስገባት ይልቅ በየጣቢያው አንድ ወይም ሁለት ወጣት ተቀጥሮ በመታወቂያ መዝግቦ ቢያስረክብና ቢረከብ ከእኛ ኑሮ ጋር የሚገጥም ነው። የፋይዳ መታወቂያ አለ፣ ቴሌብር አለ፤ ምዝገባውም ክፍያውም በእነዚሁ ያልቃል። ጣቢያው ጣሪያ ይኑረው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረዶ የሚወርድባት ከተማ ናት። ወጣቱ ማታ ብስክሌቶቹን ቆጥሮ ያስገባል፣ ጠዋት ጎማቸውን ነክቶ ያወጣል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ግን ከሌባ በላይ የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም «ለሙከራ» የሚባለው ነው። አስር ብስክሌት ገዝቶ ሁለት ቦታ አቁሞ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ። በዓለም ዙሪያ የእነዚህ አገልግሎቶች የተለመደ መለኪያ ጣቢያዎች በየ300 ሜትሩ ገደማ እንዲገኙ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ10 እስከ 16 ጣቢያ እንዲኖር ነው። ምክንያቱም ሰው ብስክሌቱን የሚወስድበት ብቻ ሳይሆን የሚያስረክብበትም ቦታ ከመድረሻው ደጃፍ ቅርብ ካልሆነ አይወስደውም። የመሃል ከተማችንን ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ እንውሰድ፤ 20 ጣቢያ ይወጣል፣ በየጣቢያው 10 ቢመደብ 200 ብስክሌት ነው። ከዚያ ባነሰ ስፋት በአንድ ሰፈር ብቻ መጀመር ይቻላል፤ ጣቢያዎቹን አራርቆ ከተማውን ሁሉ ለማዳረስ መሞከር ግን አስቀድሞ ውድቀቱን መፈረም ነው። ከዚያም «አያችሁ፣ ሕዝቡ አልፈለገውም» ይባላል።

ጠዋት ሁሉም ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ፋብሪካ ሲወርድ የሰፈሩ ጣቢያ ባዶ ይሆናል፤ ማታ ይገለበጣል። ስለዚህ ብስክሌት ከሞላበት ወደ ጎደለበት የምታመላልስ አንዲት አይሱዙ ከመጀመሪያው በበጀት መያዝ አለባት። ከኪራይ የሚገኘው ገቢ ይህን ሁሉ ይሸፍናል ብዬ አላታልልም፤ በአብዛኛው ቦታ አይሸፍንም። ፓሪስ ሲጀመር የሸፈነው የማስታወቂያ ሰሌዳ ውል ነበር። በእኛም ከተማ በጣቢያው ጣሪያ ላይ ስሙን ማስጻፍ የሚፈልግ ድርጅት አይጠፋም።

«የባጃጅ ሾፌሩን እንጀራ ይዘጋል»

ባጃጅ የሚሳፈር ማን ነው? ጆንያ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለች፣ የታመመ፣ የመሸበት፣ ዝናብ የያዘው። ከእነዚህ አንዳቸውም ወደ ብስክሌት አይዞሩም። የሚዞረው በአብዛኛው ዛሬ በእግሩ የሚሄደው ተማሪና ሠራተኛ ነው። ከባጃጁም የሚቀንስ ተሳፋሪ ይኖራል፤ ለዚህ ከማኅበሮቻቸው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ጣቢያዎቹን ከባጃጅ መጫኛው ጋር ማጎራበት ይሻላል። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ የሚውል ሾፌር ሥራው በብስክሌት ምክንያት አይደለም የተበላሸበት።

«ሴቶች አይነዱትም»

ይህን ነጥብ ሳነብ ጸሐፊው ባሕር ዳርን አይተው አያውቁም ወይ አልኩ። በዚያ ከተማ ሴት ልጅ ብስክሌት ነድታ ሥራ ስትሄድ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ቀሚስ ችግር ነው ላሉት፣ የላይኛው ብረት ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ሰንሰለቱ የተሸፈነ ብስክሌት ድሮም ነበረ፤ የጋራ ብስክሌት ሁሉ እንዲህ ያለ መሆን አለበት። ለሽማግሌም ይመቻል፣ ነጠላ ለደረበም። ሴቶችን የሚያስቀራቸው ሌላ ነው። ሲመሽ መብራት የሌለው መንገድ፣ ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚለክፍ ጎረምሳ፣ ከኋላ ጥሩንባ የሚያስጮህ ሚኒባስ ነው። አንድ መስመር ደኅና መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ባለሥልጣን መስመሩ ላይ ከሚነዱት ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ ይቁጠር፤ ሴቶች ከሌሉበት መንገዱ ገና አልተሠራም። «አይነዱትም» ማለት እንግዲህ መንገዱን ላለመሥራት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የመንገዱን አለመኖር ነው የሚመሰክረው።

«ገንዘቡ ለሌላ ይዋል»

ጸሐፊው ተፈናቅለው በከተማዋ የተጠለሉ ወገኖችን፣ የኑሮ ውድነቱን አንሥተዋል። ይህን ማንሣታቸው ተገቢ ነው፤ በቀልድም አይታለፍም። ነገር ግን በሂሳቡ አልስማማም። ለትራንስፖርት የሚከፍለው ያጣ ሰው ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው። ለእርሱ ብስክሌት ሥራ የሚፈልግበትን ክልል ያሰፋለታል። ትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቶ ከተሞች ለእግረኛና ለብስክሌት ቦታ እንዲሰጡ አቅጣጫ አስቀምጧል፤ ሐሳቡ ከፈረንጅ ተቀድቶ ትናንት የመጣ አይደለም። ወጪውን በተመለከተ ወሳኙ ጊዜ ነው። መንገድ ለቧንቧ፣ ለቦይ ወይም ለኮሪደር ልማት ሲቆፈር ሁለት ሜትር ለብስክሌት ለይቶ መመለስ ርካሽ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጠርዙን አፍርሶ ማስፋት ነው ውድ የሚሆነው። ሪጂዮፖሊታን የሚባለውን ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ አግኝታ በየአቅጣጫው የምትሰፋ ከተማ ይህን ዛሬ በንድፏ ላይ ካላስገባች ነገ በካሣ ትገዛዋለች።

«ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚወሰነው በጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። ፍሬኑም ጎማውም የአምራቹ ብቻ የሆነ፣ በልዩ መፍቻ ካልሆነ የማይፈታ ዘመናዊ ብስክሌት ከተገዛ ማንም አይጠግነውም፤ በስድስት ወር መጋዘን ውስጥ ይደረደራል። የጎማው ልክ በየገበያው የሚገኝ፣ ካላማዳሪያው ጎሚስታ ቤት የሚለጠፍ፣ ፔዳሉና ሰንሰለቱ ሱቅ የሚሸጥ ከሆነ ግን ከተማው ውስጥ ዛሬም ብስክሌት የሚጠግኑት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠግኑታል። ማርሽ የግድ አይደለም፤ የመሃል ከተማው መሬት ሜዳ ስለሆነ ያለ ማርሽም ይነዳል፣ የሚበላሽ ዕቃም በዚያው ይቀንሳል። በሰነዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፤ አቅራቢው ከብስክሌቶቹ ጋር የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብሮ ያስረክብ፣ ጥገናውም ለከተማዋ ጠጋኞች በውል ይሰጥ።